«ከዚያስ?» የሚያሰኝ መጽሐፍ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ ያገለገሉ መጻሕፍት ከሚሸጡበት መደብ ፊት ቆሜያለሁ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ አስፋልቱ ገና አልደረቀም። ሻጩ ሸራውን ገልጦ ጠርዛቸው የረጠበባቸውን መጻሕፍት ፀሐይ እንዲያገኛቸው አንድ በአንድ እየከፈተ ከላይ ይዘረጋል። አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ መጣች። ሴቷ 13 ዓመት ቢሆናት ነው፤ ወንዱ ሰባት ወይም ስምንት።

«ወንድሜ፣ ለልጆች የሚሆን፣ ምክር ያለው መጽሐፍ ታሳየኛለህ?»

ሻጩ እሺ አለና እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ልጁን አየው። ልጁ ቁጢጥ ብሎ ከክምሩ ሥር ሽፋኑ የተገነጠለ ቀጭን መጽሐፍ እየጎተተ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጥርሱን ያገጠጠ ጅብ ተስሏል።

«ተው፣ አስቀምጠው። ተቀዶ የለ እንዴ? ደግሞ ሌሊት ሊያስቃዥህ ነው» አለችው እናቱ።

ልጁ አላስቀመጠም። ቀና ብሎ ሻጩን «ጋሼ፣ ይሄ ጅብ ማንን ሊበላ ነው?» ሲል ጠየቀው።

ለልጅ መጽሐፍ እንዴት ይመረጣል ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ከዚህች ጥያቄ የተሻለ መነሻ የለኝም። እናትየዋ መጽሐፉ ምን እንደሚያስተምር ፈለገች፤ ልጁ ምን እንደሚሆን ፈለገ። የእናትየዋ ፍላጎት ከፍቅርና ከኃላፊነት የመጣ ስለሆነ አልነቅፈውም። መጽሐፉን ከፍቶ እስከ መጨረሻው ገጽ የሚያደርሰው ግን የልጁ ጥያቄ ነው። ሳይከፈት መደርደሪያ ላይ የሚቀር መጽሐፍ የያዘው ምክር የቱንም ያህል መልካም ቢሆን ለማንም አይደርስም።

ምክርና ተረት በእኛ ዘንድ ከጥንት አብረው የኖሩ ናቸው ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን አያቶቻችን ሁለቱን በምን ያህል መጠን ይቀላቅሏቸው እንደነበር እየዘነጋን ይመስለኛል። ተራኪዋ «ተረት ተረት» ስትል ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ካልመለሱላት አትጀምርም። ያ መልስ ስምምነት ነው፦ ሰሚው እየሰማሁ ነው ይላል፣ ተናጋሪዋም አላሰለችህም ትላለች። ከዚያ በኋላ ጅቡ ይመጣል፣ ቀበሮዋ ታታልላለች፣ አህያ ባልዋለችበት ትከሰሳለች። ምክሩ ካለ በመጨረሻ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ አንዳንዴ ጭራሽ አይነገርም። ልጁ እያሰላሰለው እንዲተኛ ይተዉታል።

አባባ ተስፋዬ ይህን ምሥጢር ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። እዚሁ ከመደቡ አጠገብ ባለው ቴአትር ቤት መድረክ ላይ ተዋናይ የነበሩት ተስፋዬ ሣህሉ፣ ከ40 ዓመታት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ የአንበሳውን ድምፅ አንበሳ፣ የጦጣዋን ድምፅ ጦጣ አድርገው ነበር። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያዘነላቸው ሰው ሁሉ በቅድሚያ ያስታወሰው ድምፃቸውንና ፊታቸውን ነው። ከተረቶቻቸው የትኛው ምን እንዳስተማረው ቢጠየቅ ግን አብዛኛው ቆም ብሎ ማሰብ ይኖርበታል። ትምህርቱ አልጠፋም፤ ከደስታው ጋር ተዋሕዶ ገብቷል።

አሁን በየመደቡ የሚገኙትን ቀጫጭን የልጆች መጻሕፍት ሳገላብጥ ብዙዎቹ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ታዛዥ ልጅ ነበረ»፣ በሁለተኛው «ታዛዥ ያልሆነ ጓደኛ ነበረው»። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ የቀረውን ሳያነብ ያውቀዋል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ ትምህርቱ በደማቅ ቀለም ተጽፎ፣ ሥሩ አምስት ጥያቄ ተደርድሮለት ይጠብቃል። ይህ ታሪክ የለበሰ ፈተና ነው። ልጁም ፈተና መሆኑን ለማወቅ ጊዜ አይፈጅበትም።

ስለዚህ ከመግዛቴ በፊት የመጀመሪያውን ገጽ አነባለሁ። ገጹ ሳያልቅ አንድ ነገር መሆን አለበት፤ አንድ ሰው አንድ ነገር ይፈልግ፣ ይጣ፣ ይፍራ፣ ይዋሽ። ቀጥዬ መሐሉን እከፍታለሁ። ገጸ ባሕርያቱ እርስ በርሳቸው እየተነጋገሩ ነው ወይስ ደራሲው ብቻውን ስለ እነሱ ያወራል? ልጆች ንግግር ይወዳሉ። ንግግር ገጹ ላይ አየር ያስገባል፣ ሰው መኖሩንም ያሰማል። የመጨረሻውን ገጽ የማየው ምክር መኖር አለመኖሩን ለማጣራት ብቻ ነው።

ሻጩ የጅቡን መጽሐፍ ከልጁ ተቀብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። «ጅቡ እዚህ አለ» የሚል መስመር ላይ ሲደርስ «አለ»ን አላልቶ አነበበውና ቆመ። ራሱን ነቅነቅ አድርጎ አጥብቆ ደገመው። ልጁ በሣቅ ፈነዳ። ሲላላ ጅቡ «እዚህ» ብሎ የተናገረ ይመስላል፤ ሲጠብቅ ግን ጅቡ ራሱ ከች ብሏል።

ይህች ቅንጣት ነገር በአማርኛ ለሚያነብ ልጅ ቅንጣት አይደለችም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «ገና» በዓሉም ነው፣ ያልደረሰውም ነው። «ዋና» ውኃ ውስጥም ነው፣ ከሁሉ የሚበልጠውም ነው። «ይመታል» ሲላላ መቺው፣ ሲጠብቅ ተመቺው ነው። አዋቂ አንባቢ ከዐረፍተ ነገሩ መንፈስ ተነሥቶ ሳያስበው ይለየዋል። ጀማሪው ግን ቃሉን ቀድሞ በጆሮው ካላወቀው ከዓይኑ አያገኘውም። ገበታውን ይዞ 231ዱን ፊደላት ያጠና ልጅ ፊት ለፊቱ የተቀመጠለትን ሁሉ ድምፅ አውጥቶ መጥራት ይችላል፤ ይህም ወላጁን ያታልላል። «ልጄ ማንበብ ቻለ» እንላለን። ልጁ ግን ፊደል እየጠራ ይሆናል እንጂ ታሪኩ ውስጥ አልገባም።

በዚያ ላይ ፊደሉን መጥራት የተሳናቸውም ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 በስምንት ክልሎች በተደረገው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከዚያ በኋላ በሰባት የአገራችን ቋንቋዎች የአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት እንደገና ተዘጋጅተዋል። መማሪያ መጽሐፍ ግን የንባብን በር ይከፍታል እንጂ ቤቱን አይሞላውም። ቤቱን የሚሞላው ልጁ ማንም ሳያዝዘው የሚያነሣው መጽሐፍ ነው።

እኔ ማንኛውንም የልጅ መጽሐፍ ከመግዛቴ በፊት አንድ ገጽ ቆሜ በሹክሹክታ የማነበው ለዚህ ነው። ምላሴ ከተሰናከለ፣ ትንፋሼ ከዐረፍተ ነገሩ በፊት ካለቀ፣ ለማን እንደተጻፈ ገባኝ፤ ለልጅ አይደለም። ጥሩ የልጅ አማርኛ አጭር ነው፣ ይደጋግማል፣ በጆሮ ላይ ይጨፍራል። ያን ገጽ ሳነብ ቃሉ ይጥበቅ ይላላ እንደሆነ ከተጠራጠርኩ ደግሞ፣ ልጁ ብቻውን ሊያነበው አይገባም፤ አብሬው ላነበው ይገባል ማለት ነው።

ስለ ክብደቱም ላንሣ። በብዙ አገር የታወቀ ዘዴ አለ፦ ልጁ አንድ ገጽ ያነብባል፣ ላልገባው ቃል ሁሉ አንድ ጣት ያነሣል፤ አምስቱ ጣቶች ካለቁ መጽሐፉ ከብዶታል። ዘዴው ቀላልና መልካም ነው፤ ልጁን ራሱን ዳኛ ያደርገዋል። ይሁንና የአማርኛ ቃል ሆዱ ሰፊ ነው። «ስላልነገርኳቸው» አንድ ቃል ይሁን እንጂ ምክንያቱን፣ አሉታውን፣ ተናጋሪውን፣ የተነገራቸውን ሰዎች ሁሉ ይዟል። በአንድ ገጽ ላይ የሚሠፍሩት ቃላት ያን ያህል ብዙ አይደሉም፤ አምስቱ ካመለጡት ታሪኩም አብሮ ያመልጠዋል። ስለዚህ በአማርኛ ገጽ ላይ ሦስት ጣት ይበቃል እላለሁ። ሦስት ጣት ያነሣበትን መጽሐፍ ግን መልሱት አልልም። ማታ ማታ እናንተ አንብቡለት። ልጅ በጆሮው የሚረዳው በዓይኑ ከሚያነበው አብዛኛውን ጊዜ የበለጠ ነው።

ሥዕሉስ? የጅቡን መጽሐፍ የሳለው ሰው ጅብ አይቷል። ከኋላ ዝቅ፣ ከፊት ከፍ ያለ ነው፤ ውሻ ላይ ነጠብጣብ የተቀባ አይደለም። ልጆች ይህን ያያሉ። የእኛ ቤት፣ የእኛ ልብስ፣ የእኛ ጎዳና ሥዕል ሆኖ ሲያዩ ፊታቸው ላይ የሚታየውን ነገር ያየ ሰው ከውጭ በተቀዳ ሥዕል አይረካም።

በገዛ ቋንቋችንና በገዛ ሥዕላችን የተዘጋጀ የልጆች መጽሐፍ ጉድለት በአንድ ሰው ታሪክ ውስጥ ሊታይ ይችላል። ስደተኛ ሆነው አሜሪካ የገቡት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ፣ የብዙ አገር ቋንቋ መጽሐፍ በመደርደሪያው ላይ እያለ በአማርኛ የተዘጋጀ የልጆች መጽሐፍ አጡ። እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ ቂሉ ማሞ የሚተርከውን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ በባለ ቀለም ሥዕል አሳተሙ። በዓመቱ አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ ኋላም አህያ የሚጎትተው የመጽሐፍ ጋሪ በሐዋሳ አካባቢ ልጆችን ፍለጋ ወጣ። ለመጀመሪያው መጽሐፍ የመረጡት ታሪክ ምን እንደነበር ልብ በሉ። ቂል ልጅ የተነገረውን ሁሉ ይፈጽማል፤ ግን ሁልጊዜ በተሳሳተ ሰዓት። ሰሚው ልጅ ከማሞ ቀድሞ ስሕተቱን ያየዋል። ራሱን ብልህ ሆኖ ያገኘዋል፣ ቀጥሎ የሚመጣውንም ጥፋት በጉጉት ይጠብቃል። አንድ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ከመጽሐፍ ሊያገኝ ከሚችለው ደስታ ይህን የሚያህል ጥቂት ነው።

እንዲህ ያሉት በሁለት ቋንቋ የተዘጋጁ መጻሕፍት በዋሽንግተን ዙሪያም ሆነ በሌላ የባዕድ ከተማ ላሉ ወላጆች ሌላ ጥቅም አላቸው። እዚያ የተወለደው ልጅ የሚያውቀው አማርኛ የማዕድ ቤት አማርኛ ነው፦ ና ብላ፣ እጅህን ታጠብ፣ አያትህን ሰላም በል። መጽሐፉ በመጻሕፍት አማርኛ ብቻ ከተጻፈ በሁለተኛው መስመር ይዘጋበታል። ለእሱ ንግግር የበዛበት፣ ከጓዳው ቃላት የሚነሣ መጽሐፍ ምረጡለት። እናንተ በአማርኛ አንብቡ፤ እሱ በእንግሊዝኛ ይመልስ፣ አትቆጡት። ታሪኩን መከተሉ ይበቃል።

ይህን እያሰብኩ ሳለ የ13 ዓመቷ ልጅ ከመደቡ ጥግ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አንሥታ ጀርባውን ታነባለች። ፍቅር እስከ መቃብር ነው።

«እሱ ለትልልቅ ሰው ነው» አለች እናቷ። «ደግሞ ፍቅር ነው።»

«ክፍላችን ውስጥ ሁሉም ሰምተውታል እኮ፣ እማዬ።»

ከዚህ ላይ ስንደርስ የአማርኛ መጽሐፍ ትልቁ ክፍተት ይታያል። ለትንንሾቹ ሥዕል ያለው መጽሐፍ ቀስ በቀስ እየበረከተ ነው። ለአዋቂዎች የቆየ የልብ ወለድ ሀብት አለን። ከ10 እስከ 15 ዓመት ላለው፣ ተረቱ ላነሰበትና ረጅሙ ልብ ወለድ ገና ለከበደው ልጅ ግን መደርደሪያው ባዶ ሊባል ትንሽ ነው የሚቀረው። ንባብን ከእጃቸው የሚጥሉትም በዚሁ ዕድሜ ነው። ስንፍና ነው ብለን እንገሥጻቸዋለን እንጂ መሸጋገሪያ ድልድይ እንዳልሠራንላቸው አናነሣም።

ድልድዩ እስኪሠራ ያለውን በጥንቃቄ መምረጥ ነው። ብዙ ማንበብ ለማይወድ የ11 ዓመት ልጅ የአለቃ ገብረ ሐናን ጨዋታዎች እሰጠዋለሁ፤ እያንዳንዱ ግማሽ ገጽ ነው፣ መጨረሻው ላይ ሣቅ አለ፣ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ሊያወራው ይችላል። መጽሐፍ አንብቦ ለጓደኛ የሚነገር ነገር ማግኘት በዚህ ዕድሜ ቀላል ነገር አይደለም። የከበደ ሚካኤል ታሪክና ምሳሌም አለ፤ ቋንቋው ሽማግሌ ቢሆንም ጮክ ብሎ ሲነበብ ዜማው ይይዛል። ታሪክ ለሚወድ፣ ስለ ነገሥታት ጠይቆ ለማይጠግብ ልጅ የብርሃኑ ዘሪሁን የቴዎድሮስ ዕንባ አለ። ብርሃኑ ጋዜጠኛ ነበር፤ ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭርና ፈጣኖች ናቸው፤ ቋንቋው ልጁን አያቆመውም። የሲሳይ ንጉሡ ሰመመን የዩኒቨርሲቲ ሕይወትና ፍቅር ነው፤ 16 ዓመት ሲሞላት ትድረስበት፣ ያኔ የራሷን ነገር ታይበታለች።

ፍቅር እስከ መቃብርስ? በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ የሚጀምረው በፍቅረኞቹ በሰብለ ወንጌልና በበዛብህ አይደለም። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ የሚባሉ ሰዎች እንዴት እንደተገናኙ በእርጋታ ይተርካል። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ስለ ሰብለ ሰምታ ከፍታው የምታገኘው እነሱን ነው፤ ብዙዎች የሚተዉት ከዚያ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ይህ መጽሐፍ ከምንም በላይ ወደ ሕዝብ የገባው በዓይን አልነበረም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ቤተሰብ ሁሉ፣ ፊደል የማያውቁ አያቶች ጭምር ሬዲዮኑን ከበው ተቀመጡ። ከባለታሪኮቹ አንዱን፣ ጉዱ ካሣን፣ ያወቅነው በወጋየሁ ድምፅ ነው። እንግዲህ ትረካው አሁንም አለ፤ ቀድማ ትስማው፣ ከዚያ ጉዱ ካሣ ያለበትን ገጽ ፈልጋ ታንብብ፣ ከዚያ መጀመሪያውን ከፈለገች ትመለስበት። በጆሮ የገባ መጽሐፍ ወደ ዓይን መሻገሩ አይቀርም።

«ፍቅር ነው» ለሚለው የእናት ስጋት መልሴ አጭር ነው፦ አብራችሁ አንብቡት። ልጅቷ ስለ ፍቅር መስማቷ አይቀርም፤ ከሐዲስ ዓለማየሁ ብትሰማው የእኔ ምርጫ ነው።

መዝለልን ስፈቅድ የሚከፋው መምህር እንዳለ አውቃለሁ። ፈረንሳዊው መምህርና ደራሲ ዳኒኤል ፔናክ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ የአንባቢ መብቶች ብሎ አሥር ነገሮችን ዘርዝሯል። ሁለተኛው ገጽ የመዝለል፣ ሦስተኛው ሳይጨርሱ የመተው መብት ነው። አዋቂዎች ይህን መብት ለራሳችን በየቀኑ እንጠቀምበታለን፤ ለልጅ ሲሆን እንነፍጋለን። «የጀመርከውን ጨርስ» የሚለው ትእዛዝ ለእህል ይሠራ ይሆናል። መጽሐፍ ላይ ሲውል ልጁን የሚያስተምረው ሌላ መጽሐፍ አለመጀመርን ነው።

እኔ ራሴ ይህን የተማርኩት ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ ክፍል ውስጥ ነበር። በየሳምንቱ አንድ መጽሐፍ ይሰጠናል፤ አርብ ዕለት ጭብጡን በአምስት መስመር ያልጻፈ ተንበርክኮ ይቀጣል። ከእነዚያ መጻሕፍት አንዱንም አላስታውስም። ሁለተኛው በሠፈራችን የነበረ የኪራይ ሱቅ ነው። በቆርቆሮ የተሠራች ጠባብ ሱቅ ነበረች። መያዣ አስይዘን፣ በቀን ጥቂት ሳንቲም ከፍለን መጽሐፍ እንወስዳለን። የወደድነውን ሌሊት ተጠቅልለን እንጨርሰዋለን፤ ያልወደድነውን በማግስቱ ጠዋት እንመልሳለን፣ ማንም ለምን አይለንም። ባለሱቁ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «የት ላይ ተውከው?» እነግረዋለሁ። እሱም ያን ሰምቶ ሌላ ያወጣልኛል። ከቤተ ዘመድ ውጪ ማንበቤን ከልቡ ያየ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ዛሬ እንዲህ ያሉ ሱቆች ጠፍተዋል ለማለት ይቀላል። የልጆች ክፍል ያላቸው ቤተ መጻሕፍት ግን እየጨመሩ ነው። አራት ኪሎ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ልጅን ወስዶ መደርደሪያው መሐል መልቀቅ ይቻላል። ስትለቁት ግን ከኋላው አትከተሉት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምርጫዎች ምናልባት ደካማ ይሆናሉ፤ ሽፋን አይቶ ያነሣል፣ ይመልሳል። አራተኛው የራሱ ነው።

ወደ መደቡ ስመለስ እናትየዋ ዋጋ እየተከራከረች ነበር። በአንድ እጇ የሥነ ምግባር መጽሐፍ፣ በሌላው ሽፋን አልባው ጅብ።

«ይሄ እኮ የመጨረሻው ቅጠል የለውም» አለችው ሻጩን።

«አውቃለሁ፣ እህቴ። ለዚያ ነው የማላስከፍልሽ። ለሱ ስጦታ ነው። የሥነ ምግባሩን ግን ከወሰድሽ ዋጋ አለው።»

ሣቀችና የሥነ ምግባሩን መልሳ ደረደረች። ሴት ልጇ ፍቅር እስከ መቃብርን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ነው፤ ስለ እሱ ማንም ያነሣ የለም፤ ገንዘቡ ግን ተከፈለ።

ሻጩ ከመደቡ ሥር ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጣ። ገጾቹ ላይ የደንበኞች ስም ሳይሆን የልጆች ጥያቄ ነው የተጻፈው፤ አንዳንዱ በእሱ እጅ፣ አንዳንዱ በልጆቹ። አንዱ ስለ ኳስ ይላል። አንዱ «እናቷ ስለሞተችባት ልጅ» ይላል። አንዱ በትልልቅ ፊደል «የሚያስቅ»። ሻጩ ከየቦታው ሲገዛ እነዚህን እያየ ይለቅማል።

«አንተስ ሲቀጥል ምን ላምጣልህ?» አለው ልጁን።

ልጁ መጽሐፉን ከፍቶ ጅቡን ዳግመኛ አየው። ትንሽ አሰበ።

«ጅብ» አለ፤ ቀጥሎም ሻጩ ጽፎ እስኪጨርስ ጠብቆ «ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ።»